ስድስት መኪና የሚቆምበት ገብስ

ላቫጆዬ ቡራዩ ውስጥ፣ ወደ አምቦ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ገፈርሳ ግድብ ሳይደረስ ነበረች። «ነበረች» ስል ፈርሳለች ማለቴ አይደለም። ዛሬም አለች፤ መኪና ግን አታጥብም። መኪና የማያጥብ ላቫጆ ደግሞ እንዴት ያለ ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው በመጣ ቁጥር ደሜ ይፈላል። መልሱ ረጅም ነው፤ እኔ ረጅም ነገር ሳወራ እጄን አወናጭፋለሁ፤ ሳወናጭፍ ብርጭቆ እሰብራለሁ። ሚስቴ ብርጭቆ ቢያልቅባት «በቃ ጻፈው! ብዕር ይዘህ የምትሰብረው ነገር የለም» አለችኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው፤ ጠረጴዛው ግን ከወዲሁ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ቡራዩ የገባሁት ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሸሽቼ ነው። ግቢዬ ጠባብ ናት። ምን ያህል ጠባብ ብትሉኝ፣ ድመታችን ዞር ለማለት ስትፈልግ ጎረቤት ሄዳ ዞራ ትመለሳለች። አንድ መኪና ይገባል፤ ሁለተኛ ከተጨመረ የመጀመሪያው ሹፌር በመስኮት ካልሆነ መውጫ የለውም። የተረፉት አስፋልቱ ዳር ይሰለፋሉ። በተለይ ክረምት ላይ የሚመጣው አይሱዙ የተሸከመው ጭቃ ተጠራቅሞ ቢሰጠኝ አንድ ወረዳ እመሠርትበት ነበር።

ውኃ የምስበው ከራሴ ጉድጓድ ነው። የገፈርሳ ውኃ እዚያው አጠገባችን ተኝቶ ያድርና ጠዋት በቧንቧ በእግራችን ስር አልፎ አዲስ አበባ ይገባል። እኛን እንዲያልፍ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ የቆመበት ቀን የለም። እኔ ጆሮዬን መሬት ላይ ብጥል «ደህና ዋሉ» ብሎ ሲያልፍ የምሰማው ይመስለኛል። ለዚህ ነው ጉድጓድ ያስቆፈርኩት። ከጉድጓዱ ጋር ደግሞ አንድ የወላይታ ሰው ቀጠርኩ፤ ጎልማሳ ነው፣ ጴንጤ ነው፣ ሲያጥብ ይዘምራል። መዝሙሩ ሲጋጋል መኪናው ራሱ ንስሐ የገባ ይመስላል። ሹፌሮች አንዳንዴ መኪናቸው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ለመዝሙሩ ብለው ይመጡ ነበር።

አንድ ቀን፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ገደማ፣ ነጭ ፒክአፕ መጥታ ሰልፉ ጭራ ላይ ቆመች። ደንበኛ መስሎኝ «ተረኛ ነዎት፣ ሻይ ይጠጡ» አልኩ። የወረደው ሰው ግን ሻይ የሚጠጣ ፊት አልነበረውም። የማዘጋጃ ቤቱ ኢንጂነር ነው። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ ሥልጣኑ ግን አያቴን ስለሚያህል «እርስዎ» አልኩት። ጫማው ያብረቀርቃል። በቡራዩ ጭቃ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ጫማ ያደረገ ሰው ወይ ሙሽራ ነው ወይ መጥፎ ዜና ይዟል። ሙሽሪት አልነበረችም።

«ጋሼ፣ ይሄ ድርጅት አዲሱ ደንብ ይመለከተዋል» አለኝ።

«የቱ ደንብ?»

«ደንበኛ ከመኪናው ሳይወርድ የሚስተናገድባቸው ድርጅቶች ለተረኛ መኪኖች መጠበቂያ መስመር ማዘጋጀት አለባቸው። ቢያንስ ስድስት መኪና የሚይዝ። አስፋልት ላይ መሰለፍ ተከልክሏል።»

«እኔ ጋ እኮ ሰው ይወርዳል» አልኩት። «ይወርዳል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ፖለቲካ ያወራል፣ ሚስቱን በስልክ ይዋሻል። እዚህ ከመኪና ሳይወርድ የሚስተናገድ አላየሁም። ቡራዩ ውስጥ ሳይወርድ የሚገዛ ካለ፣ የሚኒባስ ተሳፋሪ ነው፤ በመስኮት ቆሎ ይገዛል። ለቆሎ ሻጮቹም ስድስት ስድስት መኪና የሚቆምበት ሊሰጧቸው ነው?»

«ቀልዱን ይተዉት ጋሼ።»

«ቀልድ አይደለም፤ ልመዘግባቸው ነው።»

አልሳቀም። ሰው ሳይስቅልኝ ሲቀር የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል።

እውነቱን ልናገር፤ የእኔ ሰልፍ አስፋልቱን ያጣብብ ነበር። አንድ ሁለቴ የአምቦ አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፍቶብን ከወላይታው ሰውዬ መዝሙር ጋር በአንድ ድምፅ ተገጣጥሟል። የደንቡ ሐሳብ ክፉ አይደለም። ሰፊ ጎዳና፣ ሰፊ ግቢ፣ እንደ አየር ማረፊያ የተዘረጋ ሜዳ ባለበት አገር ተጽፎ ቢሆን እኔም አጨበጭብ ነበር። ቡራዩን ግን አይቷት አያውቅም። ሰበታ ያለው የሚስቴ ወንድም ነዳጅ ለመቅዳት ከማደያው ጀምሮ ሰፈሩን ዞሮ ይሰለፋል፤ እንዲያውም ከሰልፉ ርዝመት የተነሳ ጭራው ላይ የቆመ ሰው የሌላ ማደያ ሰልፍ ውስጥ ይገኛል። ሱሉልታ ድንጋይ የጫኑ ገልባጮች መንገዱን እንደ ዘመድ ቤት ይተኙበታል። «የት ትጠብቃላችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም። ጥያቄው እኔን አገኘ፤ ግቢዬ የድመት መዞሪያ የሌላትን!

«መስመሩን ካላዘጋጁ ይታሸጋል» ብሎኝ ሄደ።

ከአጥሬ ባሻገር የኦቦ ማሳ ነው። ኦቦ የምላቸው ጎረቤቴን ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ በዚሁ ነው የሚጠራቸው። እኔ ስመጣ ያገኘኋቸው፣ ሌላው ሁሉ እየሸጠም እየተነሣም ሲያልቅ ገብሳቸውን መዝራት ያላቆሙ ሽማግሌ ናቸው። የእኔም ግቢ ቀድሞ የሟች ወንድማቸው መሬት ነበረች። ይህን አንድም ቀን አላነሱብኝም፤ እኔም አልረሳሁትም። በአጥሬና በገብሱ መካከል ጠባብ መንገድ አለች፤ ከብቶቻቸው ጠዋት ወደ ወንዝ የሚወርዱባት፣ ማታ የሚመለሱባት።

ማልጄ ሄድኩ።

«አካም ቡልተኒ ኦቦ! ከብቶቹ ነጋ? ቤተሰቡ ነጋ? ማሳው ነጋ?»

«ነጋ፣ ነጋ» አሉ፤ ሰላም ነው ማለታቸው ነው። ዱላቸውን ተደግፈው አዩኝ። «ዛሬ ኦሮምኛህ አማረ። ምን ፈልገህ ነው?»

ያን ያህል ያውቁኛል። ነገሩን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ጠየቁ።

«መኪናው የሚጠብቀው ምን እስኪሆን ነው?»

«እስኪታጠብ።»

«ለመታጠብ የሚጠብቅ መኪና ቦታ ይፈለግለታል?»

«ሕግ ነው ይላሉ።»

ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች አስጠሩ። ሽማግሌዎቹ ከወንዙ ዳር እርጥብ ሣር ነጭተው ለሁለታችንም በእጃችን ሰጡን፤ በእነሱ ወግ እርጥብ ሣር ተይዞ የተነገረ ቃል አይፈርስም። ኦቦ ሣሩን እንደያዙ፣ እኔ እንዳልረሳው በአማርኛ፣ እነሱ እንዲሰሙ በኦሮምኛ ተናገሩ፤ «መንገዷን አውሼሃለሁ። አልሰጠሁህም። ከብቶቼ ሲያልፉ መኪናህ ዳር ትይዛለች። ገብሴን አትነካም።» እኔም ሣሬን ይዤ በኦሮምኛ «ኤዬ፣ ኤዬ»፣ እሺ፣ እሺ፣ አልኩ። ሽማግሌዎቹ መረቁን። ከዚያ ወዲህ ያ ቃል ለእኔ ከማንኛውም ማኅተም ይበልጥ የከበደ ነው፤ ማኅተም ይደርቃል፤ ያ ሣር ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር እጄን ያረጥበዋል።

ደግሞ ሠራ! ይህ ነው የሚያናድደኝ፤ ሠርቶ ነበር። መኪኖቹ ከአስፋልቱ ወርደው በከብት መንገዷ ላይ ተደረደሩ። ጠዋትና ማታ ከብቶቹ ሲመጡ ሹፌሮቹ ጠጋ ጠጋ ይላሉ፤ ላሞቹ እየተንጎማለሉ መኪኖቹን እንደ ሹም እያዩ ያልፋሉ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣች ሴትዮ ቪትዝ ውስጥ ተቀምጣ ስትጠብቅ የኦቦ ትልቁ በሬ መጥቶ አንገቱን በመስታወቷ ያክ ጀመር።

«ጋሼ! በሬው ተራዬን ወሰደብኝ!» ብላ ጮኸች።

«እሱ ከእርስዎ ቀድሞ ነው የመጣው» አልኳት። «አባቱም እዚሁ ነበር የሚሰለፈው።»

አስፋልቱ ተከፈተ፤ አውቶቡሱ ጡሩምባውን ተወ። ማዘጋጃ ቤቱ ሽልማት ያመጣልኛል ብዬ ፂሜን ተላጭቼ ጠበቅሁ።

ነጭዋ ፒክአፕ መጣች። ኢንጂነሩ ወርዶ መንገዷን አየ፤ መኪኖቹን አየ፤ ቆየት ብሎ አንድ ላም አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ላም ናት፣ ኢንጂነር።»

«በመጠበቂያ መስመር ላይ ከብት አይፈቀድም። መስመሩ ቋሚ፣ ለአንድ አገልግሎት ብቻ የተመደበ መሆን አለበት። ደግሞ መግቢያ አለ እንጂ መውጫ የለውም።»

«መኪኖቹ ግቢዬ ገብተው ታጥበው በዋናው በር ይወጣሉ።»

«ተራ ሰልችቶት ልሂድ የሚል መኪናስ? መውጫ ያስፈልጋል። መውጫ ካለ መዞሪያ ያስፈልጋል። ከመዞሪያው ዳር የደኅንነት ርቀት ይጠበቃል። ከዚያ ባሻገር በደንቡ መሠረት አረንጓዴ ስፍራ ይኖራል።»

እየተናገረ በእጁ ያሳያል። እጁ ከአጥሬ ተነሥታ፣ መንገዷን አልፋ፣ ገብሱን አቋርጣ፣ ወንዙ ዘንድ ደረሰች። ስድስት መኪና ለማቆም የወጣች ጣት አንድ ገበሬ ጠቅልላ ስትውጥ በዓይኔ አየሁ። ሌላ ጥቂት ቢናገር ሆለታ ትገባ ነበር።

«አረንጓዴ ስፍራ ነው ያሉኝ?» አልኩት። «ያ ምንድን ነው ታዲያ?»

«ገብስ ነዋ።»

«ቀለሙስ?»

«ገብስ አረንጓዴ ስፍራ አይደለም። እህል ነው። አረንጓዴ ስፍራ ማለት ለእይታ የሚተከል ሣር ነው።»

ሰው የሚበላውን አረንጓዴ አጭዶ ማንም የማይበላውን አረንጓዴ መትከል! ለዚህ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ተምሮ፣ ተመርቆ፣ እናቱ ድግስ ደግሳለት! ይህን ብዬው ነበር ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያልኩት ግን «ማሳው የእኔ አይደለም» ብቻ ነው።

«ለልማት ከሆነ ባለቤቱ ይካሳል» አለና መኪናዋ ውስጥ ገባ።

ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ የሚያወራው ማስተር ፕላን ነበር። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለነውን፣ ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ሌሎቹንም በአንድ ፕላን ሊያደርጉ ነው ተባለ፤ ገበሬው ሊነሣ ነው ተባለ። ማን እንዳለ አይታወቅም፤ ማንም ግን «አይደለም» ብሎ መጥቶ አላስረዳም። ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። በየቦታው ችካል ያየ ሰው ሮጦ ጎረቤቱን ይጠራ ነበር። ጫፉ ቀይ የተቀባ እንጨት መሬት ውስጥ ተተክሎ ማየት፣ በዚያ ሰሞን፣ የራስህን ስም በመቃብር ላይ ተጽፎ እንደማየት ነው።

እና እነዚህ የማዘጋጃ ቤት ብልሆች መጥተው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ችካል ተከሉ። ቀይ ቀብተው! ቀለም ጠፍቶ ነው? ቢጫ አለ፣ ሰማያዊ አለ፤ ካጡም ወላይታው ሰውዬ ሳሙና ይቀባላቸው ነበር።

እኔ የዚያን ቀን ሰበታ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ችካሎቹ ከመንገዷ ተነሥተው በገብሱ መሐል እስከ ወንዝ ተሰልፈዋል። ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ በቢጫው ውስጥ ቀያይ ራሶቻቸው ቁስል ይመስላሉ። በመንገዷ አፍ ላይ ደግሞ ከብት እንዳይገባ ብለው ጠጋ ጠጋ አድርገው አንድ ረድፍ ችካል ደርድረዋል። ላሟም አታልፍም፣ መኪናም አያልፍም። የተረኛ መኪና መስመር ለመሥራት መጥተው ዘግተውት ሄዱ።

ደጄ ላይ ሰው ሞልቷል፤ አብዛኛው ወጣት። ወላይታው ሰውዬ መዝሙሩን አቋርጦ ባልዲውን እንደ ጋሻ ይዟል። አንድ ዱላ የያዘ ረጅም ልጅ ፊቴ ቆመ።

«ላፋ ኦቦ ማል ጎቴ?» አለኝ። የኦቦን መሬት ምን አደረግኸው ማለቱ ነው።

«እኔ ምንም አላደረግሁም፤ ለመኪና መጠበቂያ ነው...»

«ለምን?»

«መኪና የሚጠብቅበት። እስኪታጠብ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሳቅ አልነበረም።

«ሰው ይነሣና መኪና ይጠብቅበታል?» አለኝ ረጅሙ ልጅ። «አንተ ከአዲስ አበባ መጣህ፤ ግቢ ተሰጠህ። አሁን ደግሞ ለቆሻሻ መኪናህም ቦታ አነሰህ?»

የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር። በኦሮምኛ ላስረዳ ሞከርኩ፤ ደንግጬ ስለነበር ሰላምታውን ብቻ ደጋገምኩት፤ «ነጋ፣ ነጋ» እያልኩ። በዚያ መሐል ኦቦ መጡ። ወጣቶቹ መንገድ ከፈት አደረጉላቸው።

«ይሄ ሰውዬ ወሬኛ ነው» አሉ በዱላቸው እያመለከቱኝ። «ሌባ ግን አይደለም። እሱ የለመነኝን መንገድ አውሼዋለሁ፤ ሣር ይዘናል። ይህን እንጨት የተከለው ሌላ ነው።»

«እንንቀለው ታዲያ!» አለ ረጅሙ ልጅ።

«አይሆንም» አሉ ኦቦ። «እናንተ ከነቀላችሁ ነገ መጥተው እናንተን ይነቅላሉ። የተከለ እጅ ራሱ ይንቀል።»

«እነሱማ መቼም አይነቅሉም፤ አባቴ።»

«እኔ እጠብቃለሁ» አሉና ወደ ማሳቸው ዞሩ። ወጣቶቹ እያጉረመረሙ ተበተኑ። እኔ ደጄ ላይ ቀረሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምቀልድበት ነገር አጥቼ። የስድስት መኪና መስመር ብዬ የለመንኳት መንገድ ማሳውን ይዛው ልትሄድ ነበር፤ ከብቶቹ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ ሰው ግቢ ዞረው ወንዝ ወረዱ።

ገብሱ ደረሰ። ኦቦ ቤተሰባቸውን ይዘው በችካሎቹ ዙሪያ አጨዱት። ችካሎቹ ራሰ በራ በሆነ ማሳ ላይ ቀሩ። ያን ጊዜ ነው ማስተር ፕላኑን የተቃወሙ ወጣቶች መንገዱን የዘጉት። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፤ ጎማ ተቃጠለ፤ ከአምቦ በኩል መኪና መምጣት ቆመ። ወታደር መጣ። በመኪና ተጭነው ሲወሰዱ ያየኋቸው ልጆች መሐል ደጄ ላይ የመጡትም ነበሩ። ረጅሙን ልጅ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ይህን አልቀልድበትም። ተኩስ ሲሰማ ሚስቴ ልጆቻችንን አልጋ ስር ታስገባለች፤ እኔ ከአልጋው በላይ ተቀምጬ «አይዟችሁ» እላለሁ፤ ማንን እንደማጽናና ግን አላውቅም።

ግቢዬ ውስጥ አንድ አይሱዙ ታጥቦ ቀርቷል፤ ሹፌሩ መንገድ ተዘግቶበት በእግሩ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። እንዲህ ሆነን ሳለ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነጭዋ ፒክአፕ በድንጋዮቹ መሐል እየተጠማዘዘች መጥታ እኔ በር ላይ ሲጥ ብላ ቆመች። ከፊቷ ድንጋይ፣ ከኋላዋ ድንጋይ። የመንግሥት ታርጋዋ ከሩቅ ያበራል። ከታች በኩል የወጣቶች ጩኸት እየቀረበ ነው። ኢንጂነሩ ወርዶ ወደ እኔ ሮጠ።

«ጋሼ! ያስገቡኝ! ስለ እግዜር!»

«ግቢው ሙሉ ነው» አልኩት፤ እውነቴን ነው። «አይሱዙው አይነሣም፤ ቁልፉ ከሹፌሩ ጋር ነው። ቦታ ያለው መጠበቂያ መስመሩ ላይ ብቻ ነው።»

ሁለታችንም ወደ መንገዷ አፍ አየን። ችካሎቹ በሚያምር ረድፍ፣ ከብት እንዳይገባ፣ መኪናም እንዳይገባ፣ ቆመዋል። ከችካሎቹ ወዲያ ኦቦ ዱላቸውን ተደግፈዋል።

«ኦቦ፣ ያስገቡኝ!» አለ ኢንጂነሩ።

«ንቀልና ግባ» አሉት።

«ምን?»

«የተከልኸውን ንቀል። ግባ።»

እኔም «እርስዎ» ማለቱን የዚያን ቀን ተውኩት። «አንተ ልጅ፣ ምን ትጠብቃለህ? ተራህ ነው!» አልኩት።

ያ ጫማ፣ ያ የሚያብረቀርቅ ጫማ፣ ጭቃ ውስጥ ገባ። ኢንጂነሩ ተንበርክኮ በባዶ እጁ ችካል ይነቅል ጀመር። ጠንክረው ተተክለው ኖሯል፤ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ጥራት የለውም የሚል ሰው ቢኖር በዚያች ቀን ቢያየው ኖሮ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። ያልበዋል፣ ይነቅላል፣ ወደ ታች ያያል፣ ይነቅላል። ወላይታው ሰውዬ አዝኖለት ሊያግዘው ጎንበስ ቢል ኦቦ በዱላቸው ትከሻውን ነካ አድርገው «ተው፤ ያንተ እጅ አልተከለም» አሉት። የሚበቃ ሲነቀል ፒክአፗ ገባች። ኦቦ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልጨመሩም፤ ቤተሰባቸውን ጠርተው ከአውድማው ገለባ አስመጡና መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አለበሷት። ከሩቅ የገብስ ክምር ናት፤ ከቅርብ ግን ታርጋዋ ከገለባው ስር እንደ ተደበቀ ልጅ ትስቃለች። የኦቦ በሬ ደግሞ ወዲያው መጥቶ ኮፈኗን መግለጥ ጀመረ።

ወጣቶቹ ደረሱ። የፊተኛው ቆሞ ክምሩን አየ፤ በሬውን አየ፤ ከገለባው የወጣችውን አንድ መስታወት አየ።

«ኦቦ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መኪና ነው» አሉ፤ አይዋሹም። «ለመታጠብ ነው የመጣው። ተራውን እየጠበቀ ነው።»

ፊተኛው ከንፈሩን ነከሰ። ሁላቸውም ኦቦን አዩ። ከዚያ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «ነጋን ኦላ»፣ በሰላም ዋሉ፣ ብለው አለፉ። ኢንጂነሩ ከክምሩ ኋላ ጭቃ ላይ ተቀምጦ ነበር። ኦቦ ዞረው አዩትና «አሁን እነዚያንም» አሉት፤ በማሳው መሐል ያሉትን ቀያይ ራሶች እያመለከቱ።

መንገዱ ጸጥ እስኪል ድረስ ነቀለ። እስከ ወንዙ። ሲጨርስ የኦቦ ባለቤት የተቆላ ገብስ በሰፌድ አቀረቡለት፤ እየቆረጠመ አለቀሰ መሰለኝ፣ ወይም ገለባ ዓይኑ ገብቶ ነው። ደግ ለመሆን ገለባ ነው እንበል።

ጊዜው ሲረጋ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ደስታ ሆነ። እኔም «ተገላገልን» አልኩ። ሞኝ! ፕላን ሊቀር ይችላል፤ ደንብ ግን አይቀርም። ኢንጂነሩ አዲስ ጫማ አድርጎ መጣ። ዓይኔን አላየኝም።

«ጋሼ፣ እኔ በግሌ...»

«በግልህን ተወው፤ በመሥሪያ ቤትህ ንገረኝ።»

«ማሳውን ለጊዜው የሚነካው የለም። መጠበቂያ መስመር ያለ ማሳው አይጸድቅም። ስለዚህ ያለ መስመር መኪና ማጠብ አይችሉም።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እርስዎ ራስዎ ለድርጅትዎ ማስፋፊያ ቦታውን ከጠየቁ ግን ሌላ ነገር ነው። በእርስዎ ስም ከመጣ ልማት ነው ይባላል። ሽማግሌው ይካሳሉ። እርስዎም በሕግ ይሠራሉ።»

ደሜ ከእግሬ እስከ ፀጉሬ ፈላ። እነሱ ሊወስዱት ሞክረው ያልቻሉትን በእኔ እጅ ሊወስዱት ነው! «ለጊዜው» የሚሏት ቃል ደግሞ! ለጊዜው ማለት የማዘጋጃ ቤት ቋንቋ ሲተረጎም፣ ቢላዋው እየተሳለ ነው ማለት ነው። የሚጠብቅ መኪና ሁልጊዜ ቦታ ይገኝለታል፤ የሚኖር ሰው ግን ለቦታው ማስረጃ አምጣ ይባላል። ይህን ጮኼ ነገርኩት። የመጀመሪያውን ብርጭቆ የሰበርኩት ያኔ ነው።

ወደ ኦቦ ሄድኩ። ሰላምታዬ አጭር ነበር።

«ዛሬ ስለ ከብቶቹ አልጠየቅኸኝም» አሉ። «ክፉ ነገር ይዘሃል።»

ነገርኳቸው። አልለመኑኝም፤ አልተቆጡም። «ሣር ይዘናል» አሉ ብቻ።

ቤት ስገባ ሚስቴ ፊቴን አይታ «ምን አልካቸው?» አለችኝ። «ምንም። እሳቸው ግን ሣር ይዘናል አሉኝ» አልኳት። «እንግዲያው ምን ታስባለህ?» አለች፤ ማሰብ እንደማይሆንልኝ እያወቀች። ወላይታው ሰውዬ ደግሞ እየሰማን ኖሮ ከውጭ «ጋሼ፣ ምንጣፍስ? ምንጣፍ አይሰለፍም» አለ። ሁለታችንም ዞረን አየነው።

በማግስቱ ሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ቆርጬ ወደ መንገዷ አፍ ወጣሁ። ጉድጓዱን ስቆፍር ኦቦ መጡ።

«ምን ትተክላለህ?»

«በር። ከብትዎ የሚያልፍበት፣ መኪና የማያልፍበት።»

አሰቡና ትልቁን በሬ አመጡ። ስፋቱን የለካነው በእሱ ነው፤ ከነቀንዱ፣ ከነሆዱ፣ ገለባ በልቶ ካበጠ በኋላ። አንድ ምሰሶ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ። በሬው ሲያልፍ ጎኑ ሁለቱንም እየዳሰሰ ያልፋል፤ ቪትዝ እንኳ ብትመጣ ጆሮዎቿን ቆርጣ ካልሆነ አትገባም። ምሰሶዎቹን አልቀባኋቸውም። ሣር ይዘን ወደ ቤታችን ገባን።

ስለዚህ አሁን ምንጣፍ አጥባለሁ። አጥሬ ላይ የአዲስ አበባና የቡራዩ ሳሎኖች ተሰቅለው ይንጠባጠባሉ። ገቢው ከመኪና ያነሰ ነው፤ ቤታችን ሥጋ በዓልን ጠብቆ ይመጣል፤ ወላይታው ሰውዬ ግን መዝሙሩን አላቋረጠም። ባለመኪኖች አሁንም መጥተው ጡሩምባ ይነፋሉ። አንዳንዱን ሰድቤያለሁ፤ ይቅርታ ግን አልጠይቅም። ገብሱ ዘንድሮም ተዘርቷል። ለጊዜው።

ባለፈው ማታ ከብቶቹ ሲመለሱ ነጭዋ ፒክአፕ ምሰሶዎቹ ፊት ቆመች። ኢንጂነሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አየኝ። የኋላ መቀመጫው ላይ ትልቅ ቀይ ምንጣፍ ተጠቅልሏል።

«ጋሼ፣ ምንጣፍ ይዤ ነበር። የት ልቁም?»

በሬው የዚያን ጊዜ ጎኑን በምሰሶዎቹ እያሻሸ እየገባ ነበር።

«ከእሱ ኋላ» አልኩት። «መኪናዋን ግን እዚያው ተዋት። እዚህ ሰው ይወርዳል ብዬህ አልነበር?»

ወረደ። ምንጣፉን በትከሻው ተሸክሞ ከበሬው ኋላ ተሰለፈ።